የሌለው ወጥ ቤት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ቡዋላይ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ በዚህ አጨዳ ተሻለሽ ወይስ እንደ አምናው ጎንበስ ካልሽ ቀና ማለት ያቅትሻል? እማዬ እንዴት ከረመች? ዓይኗን የጋረዳት ነገር ባሰባት ወይስ ባለበት ቆመ? ጋሼ ፕራሶት፣ ትንሹ ኦት፣ ጎሾቹም ሳይቀሩ ደህና ናቸው? ሩዙስ ገባ? እዚህ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላባራም፤ እናንተ ዘንድ ግን እህሉ ከማሳ ሳይነሳ እንዳይዘንብ ጠዋት ጠዋት እለምናለሁ። እኔ ከአካሌ ደህና ነኝ። የቀረውን እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልሽ ግን ቸግሮኛል፤ ይህን ወረቀት ስጀምር አራተኛዬ ነው።

ሳይሩንግ በእሑዱ መርከብ ሄዳለች። ደብዳቤው ሲደርስሽ ልጅሽ ቤት ከገባች ሰንብታለች ማለት ነው። ምን እንደነገረችሽ አላውቅም። ስንለያይ፣ የራሴን እኔ እነግራታለሁ፣ ያንቺን አንቺ ጻፊላት ብላኛለች። በሹሙ ቤት ስልክ እንዳልነግርሽ መንደሩ በሙሉ ጆሮውን ይጥላል፤ ደግሞም ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ መዋሸት ለምዷል።

እትዬ፣ እኔ የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። ስለ ትልልቆቹ ድስቶች፣ ስለ ቁጡው የወጥ ቤት አለቃ፣ እጄን ዘይት አቃጠለው ብዬ ስላስለቀስኩሽ ነገር ሁሉ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የነገርኩሽ ፈጠራ ነው። የምሠራው ቻዌንግ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት መጠጥ ቤቶች በአንዱ ነው። ሴቶቹ መድረክ ላይ ይጨፍራሉ፤ እንግዳው ዓይኑ ያረፈባትን ደረቷ ላይ በተሰካው ቁጥር ያስጠራትና አጠገቡ ያስቀምጣታል፤ ከተስማሙም ይዟት ይወጣል። ሰባት ዓመት እኔም ሃያ ሰባት ቁጥር ነበርኩ። ዕድሜዬ ገፋ ሲል የቤቱ ባለቤት ማዳም ኡራይ ከመድረክ አውርዳ የሴቶቹ ኃላፊ አደረገችኝ። አዲስ የመጣችውን የምቀበል፣ የተጣሉትን የማስታርቅ፣ የታመመችውን ሐኪም ቤት የማደርስ እኔ ነኝ። እማማ ይሉኛል። በሠላሳ ሦስት ዓመቴ እማማ!

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ወለሉ እየተወለወለ፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለው፣ ልጆቹ ፀጉራቸውን ጠቅልለው ቁርስ ይሁን ምሳ ያልለየለት ምግባቸውን ይጠብቁ ነበር። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ጥሬ ፓፓያ በበርበሬ እወቅጣለሁ። አንዲት ልጅ ገብታ ሥራ ፈልጌ ነበር አለች። እንዲህ ለሚመጡ ሁሉ ሦስት ጥያቄ አለኝ፤ ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት ጠየቅኳት። ሜይ እባላለሁ አለች። ዕድሜዋ ሃያ ነው። ቤተሰብሽ ያውቃል ወይ ስላት፣ የቃሉን ጭራ ጎተት አድርገን በምንለቀው በመንደራችን አነጋገር፣ "እናቴ ነርስነት የምማር ይመስላታል" አለች።

ዞርኩ። መጀመሪያ እኔ ለየኋት፤ እሷ ቆየት ብላ ነው፣ ፀጉሬን ቆርጬ ቀይ አቅልሜዋለሁና። ልጅሽ ሳይሩንግ አፏን ከፍታ አየችኝ፤ መድረኩን አየች፤ ሙቀጫውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ "አክስቴ፣ ወጥ ቤቱ የት ነው?" አለችኝ።

ስታሾፍብኝ ይሁን ከልቧ ትጠይቀኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እኔን ሳቅ አፈነኝ እትዬ። ማልቀስ ሲገባኝ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ልጆቹም እማማ ዘመድ መጣላት ብለው ወንበር አወረዱ፤ ከፓፓያውም አቀረቡላት።

ክፍሌ ወስጃት በሩን ዘጋሁ። የነገረችኝን ከእሷ ሰምተሽው ይሆናል፤ የሰውነት ክፍሎችን ትምህርት ሁለት ጊዜ ወድቃ በየካቲት ከትምህርት ቤት ተሰናብታለች። ለሚያዝያው ዘመን መለወጫ ነጩን የነርስ ልብስ ለብሳ የመጣችና አንቺ ለጎረቤት ሁሉ ያሳየሻት ጊዜ፣ ሱራት ታኒ ገበያ ውስጥ ነጠላ ጫማ ትሸጥ ነበር። እኔ ይህን ሰምቼ ልክ እንደ ትልቅ ሰው መምከር ጀመርኩ። ይህ ሥራ ገላን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍንም እንደሚወስድ፣ ስምሽን ረስተሽ በቁጥር መጠራት ስትለምጂ ምን እንደሚሰማ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ እስክጨርስ ሰማችኝና ታዲያ አንቺ ለምን አልተውሽውም አለችኝ። ለእናንተ ብዬ ነው፣ ለእማዬ ቤት ማሠሪያ ብዬ ነው አልኳት። "ቤቱ ካለቀ አራት ዓመቱ ነው አክስቴ" አለች።

 በሥራዬ የምትረዳኝ ጂንዳ ማታ ይህን ስነግራት ደግሞ ጭራሽ አባሰችብኝ። "የሰው ልጅ ስትመጣ ሦስት ጥያቄ በቃሽ፤ የእህትሽ ልጅ ስትመጣ ግን ችሎት ዘረጋሽ" አለችኝ። ተቆጣኋት። ስቆጣት ግን እውነቷን እንደሆነ ሆዴ ያውቃል።

ሐሙስ ዕለት ከገበያ ስመለስ ሳይሩንግ ክፍሌ ውስጥ የለችም። ዝናቡ እየደበደበኝ ከቤት ቤት ፈለግኳት። ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ፣ እንግዳ ባልገባበት ባዶ መጠጥ ቤት፣ ከአምስት ሴቶች ጋር ተደርድራ ተቀምጣ አገኘኋት። ስምንት ቁጥር ደረቷ ላይ ተሰክቷል።  ቁጥሩን ልነቅልላት እጄን ብሰድ መርፌው ወጋኝ። ራሷ ነቀለችው። ከዚያ እንደ ሕፃን፣ እናቴ ትመታኛለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መታሽ ታውቃለች ወይ ብላት አታውቅም አለች። እኔንም መተሽኝ አታውቂም እትዬ። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ እንኳ ክፉ ቃል አልወጣሽም። እጇን አንሥታብን ከማታውቅ አንዲት ሴት ነው ሁለታችን ባሕር ተሻግረን የተደበቅነው። ለምን? ይህን ሳስብ ነገሩ ሁሉ ይምታታብኛል።

አብረን እንሂድ፣ ያለዚያ አልሄድም አለችኝ። እሺ ብዬ ሁለት ትኬት ቆረጥኩ፤ ልብሴንም አሰርኩ። እሑድ ናቶን ወደቡ ላይ ሻንጣዬን እንደያዝኩ እግሬ ቆመ። አንቺ ግቢ፣ እኔ በኋላ እመጣለሁ አልኳት። "አትዋሺኝ። የማትመጪ ከሆነ አልመጣም በይኝ" አለች።

"አልመጣም" አልኳት።

አያቷን እንደምትሰናበት መዳፎቿን ገጥማ ጎንበስ ብላ ተሰናበተችኝና ገባች። በሙዝ ቅጠል የጠቀለልኩላትን ሩዝ እንኳ እጄ ላይ ረስታው ሄደች። ለዘመድ እውነት ስናገር በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ቅልል አለኝ። ስለቀለለኝ ደግሞ አፈርኩ።

ለምን እንዳልመጣሁ ልንገርሽ ብል እኔም በቅጡ አላውቀውም። መንደር ውስጥ ባሏ የተዋት ራምፓይ ነኝ፤ እዚህ ስገባ ሃያ ሴት ቀና ብላ ታየኛለች። አንዳንድ ቀን የሰከረ ሰው የደበደባትን ልጅ ፊት ሳጥብ፣ ይህን ቤት እሳት በበላው እላለሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት ከልጆቹ ጋር ሆዴ እስኪቆስል እስቃለሁ። የቷ እንደሆንኩ ጠፍቶብኛል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ከደበቅኩሽ ደግሞ ሌላ ውሸት ልጀምር ነው። ሳይሩንግ በሄደች ማግስት ሌላ ልጅ መጣች፤ ከቡሪራም ነኝ አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጂንዳ ምን ታደርግ ይሆን ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ሦስቱን ጥያቄ ጠየቅኳት። ቤተሰቧ አያውቅም። የዚያችም እናት አሁን ጎንበስ ብላ ሩዝ ታጭድ ይሆናል፤ ወገቧም ያማት ይሆናል። ቀጠርኳት፣ እትዬ። አልጋዋንም አሳየኋት። ልጅሽን መልሼ የሰው ልጅ ያስቀረሁ እኔ ምን ልባል? አንቺ በትምህርት ባትገፊም ነገር ታውቂያለሽ። ነይ እንድትዪኝ ይሁን ቅሪ እንድትዪኝ የምጽፍልሽ አልለየልኝም፤ ብቻ የምትዪውን በይኝ።

ለጋሼ ፕራሶት አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ሳይሩንግን እንዳይቆጣት እኔ ለመንኩ በዪው። ለኦት ጉንጩን ሳሚልኝ፤ የላክሁለት ኳስ ሳይተነፍስ አልቀረም። ለጎረቤታችን ለእሜቴ ቻሎም ሰላምታዬን፤ ሌላ ምንም እንዳትነግሪያት። ለሳይሩንግ ሩዙን ጂንዳና እኔ እንደበላነው ንገሪያት። ለእማዬ እግሯን ሳሚልኝ። ይህን ደብዳቤ እንዳታነቢላት። ወይም ሳይሩንግ ታንብብላት። እንጃ፣ እናንተ ታውቃላችሁ።

ያሳደግሻት ታናሽ እህትሽ
ራምፓይ

ቻዌንግ፣ ሳሙይ ደሴት
ኅዳር 13 ቀን፣ በቡድሃ ዘመን 2546