ለጥርሴ የመጡ ሽማግሌዎች

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል

ዛሬም ሐኪሙ ጥርሴን ከፈተው፣ አጠበው፣ መድኃኒት ጠቀጠቀበት፣ ዘጋው። ሐሙስ ተመለሺ አለኝ። ከሚያዝያ ጀምሮ ሐሙሴን ሁሉ የበላው ይኼ የታች መንጋጋ ጥርስ ነው። ነርቩን ገድያለሁ ካለኝ ስድስት ወር ሊሞላው ነው። ሞተ የተባለው ነገር ይሸታል። ድዴ ላይ የወጣችው ብጉር ዛሬ ጠዋት ስቦርሽ ፈነዳች። መግል። ጨው ጨው የሚል፣ የሚመር። ደብተሬ፣ ይቅርታ፣ ግን ለማን ልንገረው? ሦስቴ ተጉመጠመጥኩ። ጣዕሙ አሁንም ምላሴ ላይ አለ።

ዶ/ር ጀ. ደግሞ ከበርጫ ተነስቶ ነው የመጣው። የፊት ጥርሱ መሀል የጫት ቅጠል ተሰንቅሯል። እሱ የኔን ጥርስ ሊያክም አጎንብሶ፣ እኔ ያን ቅጠል እያየሁ። ኤጭ! ያመኛል ስለው "አብሽሪ፣ አይዞሽ" ይላል። አብጧል መሰለኝ ስለው "አብሽሪ።" ከኔ ገንዘብ አይቀበልም፤ የወንድሜ የሰዒድ ሚዜ ነበራ! በነፃ የሚያክምን ሰው ምን ብለው ይቆጡታል። ስወጣ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ሰዎች ጮክ ብሎ፣ መምህርት ዘምዘምም የኔው ታካሚ ናት አለ። ፈገግ አልኩላቸው። በዚህ አፍ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። የምሳ ሰዓት

5ኛ "ሀ" ክፍል እጄን አፌ ላይ አድርጌ አስተማርኩ። ፊት ያሉት ልጆች ዴስካቸውን ወደ ኋላ ስበውታል። ለራሴ ሸተተኝ። እንዲህ ራሴን ተጸይፌ አላውቅም።

ሰዒድ ሱቅ ሄጄ ሐኪም ልቀይር ነው አልኩት። ስልክ እየጠገነ ነው፣ ቀና እንኳ አላለም። ምን ብዬ ዐይኑን ላየው ነው አለ። እሱ ጂዳ እያለ እናታችን ስትታመም ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሳት ጀ. ነው። አውቃለሁ። እናቴን ስለተሸከመ መንጋጋዬን ልስጠው? እንዲህ ግን አላልኩትም። ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ሻዩን የጠጣሁት በደህናው፣ በግራ ጥርሴ በኩል ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ደሴ መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ። ት/ቤት ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ሰዒድን ስብሰባ አለብኝ ብዬ ዋሸሁት።

ያገኘኋት ሐኪም ሴት ናት፣ ዶ/ር ሰ.። ጓንቷን ፊት ለፊቴ ቀየረች። ዐይኔ እንባ አቀረረ። እስቲ አሁን ይኼ ያስለቅሳል? ራጅ አነሳችኝ። ከዚያ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችኝ። ሥሩ ውስጥ ጭረት የምታህል ነጭ መስመር። ሥሩን የሚያጸዱበት ቀጭን መርፌ ጫፍ ናት። ተሰብራ እዚያው ቀርታለች። ከሥር ያለው ጥቁሩ ደግሞ እየተበላ ያለ አጥንት ነው። ቶሎ ካልተደረሰለት መንጋጋዬ ይሄዳል።

መሰበር ማንም ሐኪም ላይ ይደርሳል አለች፤ ጥፋቱ አለመናገሩ ነው። ማን እንዳከመኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ጭፍግግ አለ። አብረው ነው የተማሩት። ያየሽውን በወረቀት ጻፊልኝ ስላት፣ አክምሻለሁ፣ እዚያ ውስጥ ግን አታስገቢኝ አለች። ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው! የሁሉም ሰው ይሉኝታ የሚጠራቀመው እኔ አፍ ውስጥ ነው እንዴ? የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ለሰኞ ቀጠረችኝ። የበፊቱን ራጅ ይዘሽ ነይ አለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ከቀኑ 11 ሰዓት

ራጄን ስጠኝ ልለው ሄድኩ። ሳቀ። ከመሳቢያው አንዱን አውጥቶ ሰጠኝ፣ የሚያዝያውን። ሥሩ ንጹሕ ነው። የሐምሌውስ? አልኩት። አቅማማ። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። አወጣው። ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። ነጯ መስመር አለች። ወላሂ አለች! ሐምሌ ላይ ይኼንኑ ራጅ ይዞ በጣም ቆንጆ ነው ያለኝ ሰው ነው።

አላየሁም እንኳ አላለም። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው፣ ቤተሰብ አይደለን? ለሰዒድ እንዳትነግሪው አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ አላህ ያሳይሽ፣ "አብሽሪ።" መትፊያው ላይ አስመለስኩ። ውሃ ለቀቀበት እንጂ ቀና ብሎ አላየኝም። ሁለቱንም ራጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

የሚያንገበግበኝ ግን ይኼ አይደለም። ስወጣ አግዳሚው ላይ ጽጌ ተቀምጣለች። የት/ቤታችን የሒሳብ መምህርት፣ በእረፍት ሰዓት ሻይ የምንጠጣው አብረን ነው። አንቺን አምኜ መጣሁ አለችኝ እየሳቀች፤ ቅዳሜ ነርቩን ሊገድልልኝ ነው። እኔ ምን አልኩ? "ይማርሽ" ብዬ አልፌያት ሄድኩ። ከሱ በምን ተሻልኩ? ቱ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ከጁምዓ በኋላ

ጉድ ስሚ ደብተሬ። ሽማግሌ ተላከብኝ። ለጥርስ! ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ ስሜን ያወጡልኝ ሼህ ይመር። ሰዒድ ከኋላቸው፣ መሬት መሬት እያየ። ዶክተሩ ራሱ ቀድሞ ነግሮታል፤ እኔን እንዳትነግሪው ያለኝ ሰውዬ። እናቴ ምንጣፍ አነጠፈች። ዱዓ ተደረገ። ልጁ አጥፍቷል፣ ዐውፍ በዪው አሉኝ። ዐውፍ ብያለሁ አልኩ። ከልቤ ይሁን ከእፍረት እንጃ። አሚን ተባባሉ።

ለካ አላለቀም። እንግዲያው ሐሙስ ተመልሰሽ ሂጂ፣ የጀመረውን እሱው ይጨርስልሽ፤ ትታው ሄደች ከተባለ ስሙ ይጠፋል አሉኝ። ሰዒድ ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ነው እንደማለት።

ስሙ! አጥንቴ እየተበላ የሚታከመው የሱ ስም ነው። ጠላኋቸው፣ አስተግፊሩላህ፣ ዱዓቸው ገና ከጆሮዬ ሳይወጣ ጠላኋቸው። ይቅር ብያለሁ፣ አፌን ግን ዳግመኛ አልከፍትለትም አልኩ። እናቴ ከንፈሯን ነከሰችብኝ። ሼህ ይመር፣ እሺ ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ለሰው ግን አታውሪ አሉ። እኔ እሺም እንቢም አላልኩም። እነሱ እሺ ብላለች ብለው ተነሱ። ሰዒድ ሊሸኛቸው ሲወጣ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ፣ አመስጋኝ ሆኖ። ያ ቸብታ ከመግሉ ይብስ አስጠላኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ከጠዋቱ 2 ሰዓት

እብጠቱ ትንሽ ቀንሷል። ሽታው አለ። ሰኞ ደሴ ነኝ፤ የመርፌው ስባሪ አልወጣ ካለ ዶ/ር ሰ. ጥርሱን ትነቅለዋለች። ይነቀል።

የጽጌ ቀጠሮ 3 ሰዓት ነው። ቤቷ ወደ እስጢፋኖስ መሄጃው ላይ ነው፣ በባጃጅ ቅርብ። በስልክ አይሆንም፤ በስልክ ከሆነ ደግሜ ይማርሽ ብዬ እዘጋዋለሁ። ሰዒድ በር ላይ ቆሞ በጠዋቱ ወዴት ነው አለኝ። ነገርኩት። ብትሄጂ ወንድም የለሽም አለኝ። እናቴ ከውስጥ ሰማች።

ጫማዬን አድርጌያለሁ። ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን እጇ ላይ ነው የማስቀምጣቸው። ማየቱንስ ታየዋለች። ሐሙስ ለት ለምን ዝም አልሽኝ ትለኛለች። ብቻ ከ3 ሰዓት በፊት ልድረስ።