የቁርጭምጭሚቴ ደቀ መዛሙርት

ታኅሣሥ 9፣ ቢቸና
ውርጭ። ቁርጭምጭሚቴ ከእኔ በፊት ነቃ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሙ ጄሶውን ሲያወልቅ «አባቴ፣ ድኗል» ብሎኝ ነበር... እግሩ ግን አልሰማም። ጠዋት ይገተራል፣ ማታ ያብጣል፣ ቁልቁለት አይወድም። ዝናብን ግን ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል፤ እስካሁን የተሳሳተው አንዴ ነው።

አለቃ ሣህለ ማርያም፣ የደብራችን አስተዳዳሪ፣ ሦስቱ የአቋቋም ተማሪዎቼ ሞጣ ጊዮርጊስ ሄደው ወረብ እንዲያቀርቡ ወስነዋል። ለጥር ዐሥራ ስምንት፣ ለዝርወተ አጽሙ። አጥንቱ የተበተነ ሰማዕት በዓል ላይ አጥንቱ የተሰበረ መምህር... ምርጫው የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 12
ጫማው ማታ አልወጣም አለ። ሚስቴ ሰገነት ሳበች፣ እኔ ጸለይኩ። ሚስት ያለው ሰው ጫማ ይወልቃል።

ታኅሣሥ 21
ተማሪዬ ፋንታ ግራ እግሩን ይጎትታል። ሲራመድ አይደለም፤ ሲያሸበሽብ ብቻ።
«እሾህ ወጋህ?»
«ኧረ የለም፣ የኔታ።»
የቀሩትን ሁለቱን አየሁ። እነሱም! ሦስቱም በአንድ ምት፣ እኩል፣ ልቅም ባለ ሥርዓት ያነክሳሉ። እንዲህ የገጠመ ወረብ በሠላሳ ዓመት መምህርነቴ አላየሁም።
«ከየት አመጣችሁት?»
ፋንታ፦ «ከእርስዎ ነዋ! የየትኛው ሊቅ ስልት ይሆን እያልን ስንከራከር ነበር። እኔ የጎንደር ነው አልኩ፤ እነሱ የዲማ ነው አሉ።»
የጄሶ ነው ማለት ነበረብኝ። «በርቱ» አልኩ። ለምን?

ታኅሣሥ 22
ለምንማ አውቃለሁ። መቆም የተሳነውን የአቋቋም መምህር ማን ያቆየዋል? አለቃ ቢሰሙ ሌላ ይፈልጋሉ። ተማሪዎቹ የመጡት ዓምና ነው። ከስብራቱ በፊት አላዩኝም፤ የሚያውቁት ይህን እግር ብቻ።
ሰገነት አትምርም። «ንገራቸው! አለዚያ ሦስት አንካሳ አስከትለህ ሞጣ ልትገባ ነው። ሰው ለጸበል የመጣችሁ ይመስለዋል።»

ታኅሣሥ 24
ነገርኳቸው። ሱሪዬን ሰብስቤ እብጠቱን አሳየሁ። ክረምት፣ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ፣ አዲስ ጫማ... ታሪኩ አጭር ነው። 
ፋንታ፦ «ታዲያ ስልቱስ?»
«ስልት የለም። ቁርጭምጭሚት ነው።»
ፊቱ ላይ ሐዘን አየሁ። ለእኔ አልነበረም፤ ለስልቱ ነው።
ማንም እንዳያየኝ በሩን ዘጋሁና በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት መቋሚያ ያዝኩ፤ አንዱ ቀኝ እግር፣ አንዱ ግራ። በእንጨቶቹ መሬቱን ረገጥኩላቸው፤ እነሱም እንጨቶቹን ተከተሉ። እንጨት አያነክስም።

ጥር 10
ታቦት ወረደ። ቁልቁለቱን ፊቴን ወደ ታቦቱ መልሼ የኋሊት ወረድኩ። እግሬ የሚስማማው እንደዚያ ነው። ሰው ግን ጀርባዬን ላለመስጠት መሰለው። «እንዴት ያለ አክብሮት!» ሲሉ ሰማሁ።  ሁሉንም በአንድ ወር መናዘዝ አይቻልም።

ጥር 19፣ ቢቸና
ትናንት ሞጣ። ሚኒባሱ ውስጥ እግሬን የት እንደማደርገው ጨንቆኝ ደረስን። ታቦቱ ወጥቶ ወረቡ ሊጀመር ሲል ልጆቹን አሰለፍኩና ወንበር ለመንኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ፊት። አለቃ መጡ።
«መሪጌታ፣ ምነው ተቀመጡ?»
«ቁርጭምጭሚቴ ነው። ድኗል... ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከእንግዲህም አይሆንም።»
«እሱንማ ደብሩ በሙሉ ያውቃል! መቼ ይነግሩን ይሆን እያልን ሁለት ዓመት ጠበቅን።»
ከዚያ ልጆቹን አዩ። እግራቸው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ወደ እኔ ዞረው፦
«ይህን ተቀምጠው ነው ያስተማሩት?»
«አዎን።»
«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ቆሙ?»
 ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ይህ ጥያቄ የትኛውም ላይ አልነበረም።

የመጨረሻው ዙር ላይ ፋንታ ወደ እኔ አየ። ግራ እግሩን ጎተተ... አንዲት ምት ብቻ። ስህተት አልነበረም። ማረም ነበረብኝ፤ አላረምኩም።

ዛሬ በርጩማዬን ጉባኤ ቤቱ መሃል አስቀመጥኩ። በሩንም አልዘጋሁም።