ከመናኸሪያው እስከ ቤት

ጥቅምት 14 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
ከመጽሐፍ መጠረዣችን

ለልጆቼ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ ልጅህ አንድ ጥርስ ነቅላ ሌላውን እየነቀነቀች ነው። የትልቁ ድምፅ ጎርንኖ ስልክ ሲያነሳ ሰው "ጌታዬ" ይለዋል። አንተ ስትደውል "ልጆቹን አቅርቢልኝ" ከማለት ሌላ ስለማታናግረኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አንድ ነገር ከንክኖኛል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሽፋናቸው የተገነጠለ ሁለት መጻሕፍት አምጥተውልኝ ነበር። "ጠራዥ ማንበብ ከጀመረ ሥራው አያልቅም" ስትል እንደኖርክ አልረሳሁም። ምን ላድርግ፣ ተቆጣጣሪዬ ሄደ። ሙጫው እስኪደርቅ እያልኩ ሁለቱንም ጨረስኳቸው።

አንደኛው የጥንት ታሪክ ነው። አንድ ንጉሥ ከጦርነት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማዕበል መርከቡን ይሰብርበታል፣ ጭራቅ ያግተዋል፣ ዓመታት ያልፋሉ። ደጁ ከደረሰ በኋላ ግን አያመነታም፣ ከፍቶ ይገባል። ሁለተኛው የዘመናችን ልቦለድ ነው። ጭራቅ የለበትም፣ መንገዱም አስፋልት ነው። ሰውየው በግማሽ ቀን ከተማው ይደርስና የገዛ ቤቱን በር ማንኳኳት ያቅተዋል። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሰፈሩን ይዞራል። መጀመሪያ "ምን ዓይነት ልፍስፍስ ነው" ብዬ ሳቅኩበት። የጥንቶቹ መንገዱን፣ የዛሬዎቹ በሩን የሚፈሩት ለምን ይሆን? እኔ እንደገባኝ የጥንቱ ከቤቱ የወጣው ተጠርቶ ነው፣ የዛሬው ግን ተጣልቶ። አንተስ ምን ትላለህ?

እንግዲህ ልናገረው። የመናኸሪያዋ ትኬት ቆራጭ ባለፈው ሳምንት የልጇን መጽሐፍ ልታስጠርዝ መጥታ፣ "ባለቤትሽ ሐሙስ መጥቶ ነበር አይደል?" አለችኝ።

"የኔ ባል?"

"አዎ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሁለት ሻይ ጠጣና የመልስ ትኬት ቆረጠ። ባለፈው ወርም እንዲሁ። እኔማ ሥራ የሚያመላልሰው መስሎኝ ነበር።"

"አዎ፣ ሥራ ነው" ብዬ ሸኘኋት። ቤታችን ከመናኸሪያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አንተ ሁለት ጊዜ እዚያ ድረስ መጥተህ ተመልሰሃል።

የምትፈራውን አውቃለሁ። የአባቴን መጽሐፍ ጠርዙን ላስተካክል ብለህ በጥድፊያ መቁረጫው ውስጥ ስታስገባው፣ አርባ ዓመት በኅዳጉ የጻፈውን ሁሉ ቆርጠህ ጣልከው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔም "ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ" አልኩህ፤ አንተም ቃሌን እንደ ሕግ ይዘህ ሌላ ከተማ ማተሚያ ቤት ገባህ። ይኸው ዘጠኝ ወር። አልዋሽህም፣ ዛሬም መጽሐፉን ስገልጠው ያመኛል፤ አባቴን ሁለት ጊዜ የቀበርኩት ይመስለኛል። ደግሞም ናፍቀኸኛል። አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል ብዬ ስጠብቅ ነበር የከረምኩት። አላጠፋውም።

በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ ያልወደድኩት አንድ ነገር አለ፤ ሚስቲቱ ቤቷ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ተነስታ ብትሄድስ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ደብዳቤው እንዲደርስህ ብዬ የሚመጣውን ሳይሆን የሚቀጥለውን ሐሙስ፣ ጥቅምት 23ን፣ መርጫለሁ። መጠረዣውን ዘግቼ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ያ ሻይ ቤት ውስጥ እቀመጣለሁ። ከመጣህ የቀረችውን አሥር ደቂቃ አብረን እንሄዳታለን፤ ካሰኘህ በመንገድ ላይ ምንም አትናገር። ካልመጣህ ግን ወዳንተ ከተማ የሚሄደው አውቶብስ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ ጠይቄ አውቄያለሁ።

እግርህን ከእንቅፋት፣ ልብህን ከፍርሃት ይጠብቅልኝ።

የልጆችህ እናት