በአባትሽ ስም የተያዙ ሁለት አልጋዎች

ኦበርታል፣ ቲሮል
ሜይ 12 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለአፍራ፣

እንደምን ከርመሻል? የሃሊፋክስ ብርድ ለቀቀሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ፊደሎቼ እንዲህ መተለቃቸውና መስመር መሳታቸው አይግረምሽ፤ የወጥ ቤቱ አምፖል ደክሟል፣ እኔም አዲስ ለመግዛት ሰንፌአለሁ። በረዶው ከመስኩ ለቋል፤ የጎረቤታችን የሴፕ ላሞችም ወጥተዋል። ድመቷ የአባትሽን ወንበር ይዛለች። ላስነሳት ብዬ ተውኳት።

ለአባትሽ ቀብር ስላልመጣሽ አልወቅስሽም። በፌብሩዋሪ መንገዱ በበረዶ ናዳ ተዘግቶ እኛው ራሳችን ሁለት ቀን ጠብቀናል። ደግሞስ በምን አፌ እወቅስሻለሁ? "ላሞቻችሁን ራሳችሁ ጠብቁ፤ ዳግመኛ እግሬ ይህን ተራራ አይረግጥም" ብለሽ ስትወጪ፣ እሱም "ማን ለመነሽ!" ብሎ በሩን ወርውሮ ሲዘጋው፣ ድንች እየላጥኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሐሙስ ለሮስቪታ ደወልኩላት። እላይ የሽታይንካርን ማረፊያ ቤት አሁንም የምትይዘው እሷ ናት፤ ወገቧ ጎብጧል፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። በዚህ በጋ አንድ ቀን ወጥቼ ማደር እፈልጋለሁ አልኳት።

"ኦገስት አሥራ አራት ነዋ" አለችኝ።

"እሱ የአፍራ ልደት ነው። ምን አገናኘው?"

"ቪንዜንዝ ሁለት አልጋ ይዟላ! ኦክቶበር ላይ ቤቱን ስዘጋ እንደ ወትሮው አስመዝግቦ ነው የወረደው። አልነገረሽም እንዴ?"

ከዚያ ዝም አለች። ሮስቪታ ዝም ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

"ለማንና ለማን?" አልኳት።

"አንቺ ቡርጊ፣ ምን ውስጥ ልትከቺኝ ነው? ለራሱና ለልጁ ነዋ!"

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ዘረገፈችው። አንቺ ወደ ሃሊፋክስ በሄድሽበት በጋ አባትሽ ድንጋዮቹ ላይ ያለውን የመንገድ ምልክት ላድስ ነው ብሎኝ ቀይና ነጭ ቀለሙን አንጠልጥሎ ወጣ። እላይ ሲደርስ የእንግዶች መዝገብ ላይ ሁለት ስም ጻፈ፤ ቪንዜንዝ ታለር፣ አፍራ ታለር። ሮስቪታም ለሁለት ሰው ሳህን አቀረበች። "ልጅቷስ?" ስትለው "ከኋላዬ ናት፣ ትደርሳለች" አላት። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሰማዩ ጠቆረ። እዚያ ላይ መዝገብ ቀልድ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ስሙ ኖሮ ሰውየው ከሌለ ፍለጋ ነው። ሮስቪታ ለነፍስ አድኖቹ ደወለች። አሥራ አንድ ሰውና አንድ ውሻ በዝናብ ወጡ። አለቃቸው ሉክነር በሩ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ፣ "ቪንዜንዝ፣ ልጅህን የት ጋ ነው የተለየሃት?" ቢለው አባትሽ ሳህኑን እያየ "ካናዳ" አለው።

ሉክነር "እንግዲህ የኔ ውሻ እስከዚያ አይሸትም" ብሎ ጃኬቱን አወለቀና ያንቺን ሾርባ ተቀምጦ ጠጣ። አባትሽ የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ለቡርጊ እንዳትነግሯት።" አስቢው እስኪ! አሥራ አንድ ወንድ፣ አሥር ዓመት ሙሉ፣ ማን ምን ዓይነት የውስጥ ሱሪ እንዳሰጣ በሚወራበት መንደር! ስልኩን ዘግቼ ስስቅ ቆየሁና አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ስምሽን አልጻፈም። ግን በየዓመቱ ለልደትሽ ሁለት አልጋ ይይዝና መዝገቡ ላይ ከስሙ ሥር አንድ መስመር ባዶ ይተዋል። ሮስቪታም ሳትጠይቅ ሁለት ሳህን ታስቀምጣለች።

ስልክ ማንሳት አይቀልም ነበር ወይ ትይኝ ይሆናል። ለአባትሽ ተራራ መውጣት ይቀለው ነበር። እኔም ብሆን "ተዋት፣ ራሷ ትደውል" እያልኩ ልቡን ያደነደንኩት ሰው ነኝ። ይቅር በይኝ ልጄ።

ሮስቪታ ያላት ሃያ ስምንት አልጋ ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ የሚጠይቃት ብዙ ነው። እስከ ጁን መጨረሻ ቁርጡን ካልነገርኳት ለሌላ ትሰጠዋለች። ሰርዢው ለማለት አፌ እምቢ ብሎኛል። በአባትሽ አልጋ እኔ እተኛለሁ። ያንቺን ምን ልበላት?

ከመጣሽ በዋዜማው እዚሁ እናድርና ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እንነሳለን፤ ከቀትር በኋላ ነጎድጓዱን አላምነውም። በብረት ገመድ ተይዞ የሚወጣውን የገደል አቋራጭ እንተወው፤ በግጦሹ በኩል እንዙር። ለብቻሽ አራት ሰዓት ነበር የሚፈጅብሽ፣ ከእኔ ጋር ስድስት በይው። የመኝታ ከረጢትሽን አጥቤ አስቀምጫለሁ፤ ያለ እሱ ሮስቪታ ብርድ ልብሷን አታስነካም። ጫማሽን ከአሁኑ ተለማመጂው፤ በአዲስ ጫማ መጥተሽ እግርሽ ቢላጥ የምሸከምሽ እኔ አይደለሁም። ዳቦና የደረቀ ሥጋ እኔ እይዛለሁ። ማርማላታውን ግን ከዚያ ገዝተሽ አምጪ፤ ዘንድሮ በስኳር ፈንታ ጨው ጨምሬበት ድስቱን ሙሉ ደፋሁት። ዕቃዎቹ ይመሳሰላሉ።

ለከርሞ እናድርገው እንዳትይኝ። የኢንስብሩኩ ሐኪም ዘንድሮ ይሻላል ብሎኛል፤ ሌላ አትጠይቂኝ። ጉልበቴ ደህና ነው። በየቀኑ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ አሥር ጊዜ እየወጣሁ ነው፤ ቄሱ "ቡርጊ፣ ይህን ያህል ንስሐ የሚያስገባሽ ምን ሠርተሽ ነው?" ብለው ቀለዱብኝ። መልሱን አውቀው ቢሆን አይቀልዱም ነበር።

ደማቅ ቀይ ጃኬት ካለሽ እሱን ለብሰሽ ነይ። አባትሽ ባለፈው በጋ የቀባቸው ምልክቶች ደብዝዘዋል። ሴፕ "ምን ሆነሻል፣ ትናንት የተቀቡ ነው የሚመስሉት" ይለኛል፤ የሴፕን ነገር ታውቂያለሽ። ብቻ ሮስቪታ "ልጅቷስ?" ስትለኝ ከኋላዬ ናት ማለት አልፈልግም። አንቺ ከፊት ትሄጃለሽ፤ እኔ ቀዩን እያየሁ እከተልሻለሁ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከባሕሩም ከንፋሱም ይጠብቅሽ። አባትሽ በልቡ ይዞልሽ የነበረው ምርቃት ሁሉ ይድረስሽ።

እናትሽ ቡርጊ

መልስሽን በትልልቁ ጻፊልኝ።