ለጀማል የኮተኮትኳት ባንጎ

ሐምሌ 27፣ ከሥራ መልስ
ዛሬም አረም። ዛሬም ጭቃ። ወገቤ ተቆርጧል። ስማኝ አንተ ደብተር፣ አንድ ነገር አገኘሁ። ከእኔ ድርሻ፣ ከማሽላው መሀል፣ አንዲት ባንጎ፣ ያቺ የሚያጨሷት ሐሺሽ፣ በቅላለች። ገና ጣት ብታክል ነው። ዓምና የሚያጨስ ሠራተኛ ፍሬዋን ጥሎ ይሆናል፣ እንጃ። ልነቅላት መኮትኮቻዬን አነሳሁ። የሱዳናዊው ባለእርሻ ወኪል፣ እንደ እኛው ሐበሻው ጀማል ትዝ አለኝ። ተውኳት።

ሐምሌ 29
የወንድሜ የአስማረ አርባ ነገ ነው። በወባ ሲንቀጠቀጥ ሐኪም ቤት ላድርሰው ብል፣ ጀ. ትራክተሩን ከለከለኝ። ገዳሪፍ ሳይደርስ ጭቃ ይውጠዋል፣ ዘሩም አላለቀም አለ። ጓደኛችን ይርጋ በጀርባው አዝሎት ወጣ። መንገድ ላይ አለፈ፣ እዚያው ጀርባው ላይ። ይርጋ እስካሁን ያለቅሳል። እኔ አላለቅስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ነሐሴ 4
ምሳ ላይ እንደ ዋዛ ስለ ሕጉ ጠየቅሁ። ሱዳናዊው ሹፌር ያውቃል። ባንጎ የሚያጨስ ይታሰራል አለ። የሚዘራ ግን ሃያ ዓመት፣ ካልሆነም ገመድ። ሐበሻ ከሆነማ ማን ይሰማዋል ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የማሽላ ገንፎው፣ አሲዳው፣ እንደ ዛሬ ጣፍጦኝ አያውቅም።
እርሻው በጀ. እጅ ነው። እንግዲህ ባንጎዋም የጀ. ናት። እሰይ!

ነሐሴ 9
ክንዴን አከለች። ዙሪያዋን አረምኩ፣ ሥሯን አፈር አለበስኩ። ለማሽላው እንኳ እንዲህ ደክሜ አላውቅ። ታምራለች፣ እርጉም!

ነሐሴ 13
እግሬን በመኮትኮቻ ቆረጥኩት። ጀ. ራሱ አጥቦ አሰረልኝ። ከአረም አንስቶ ውሃ አመላላሽ አደረገኝ፣ አህያ ሰጠኝ። አሁን ነው እንዴ ማዘን? ለራሱ ይዘን።
አንድ ጣጣ አለ። ድርሻዬ ለይርጋ ተሰጠ። እዚህ ሁሉም በድርሻው ጫፍ በትር ተክሎ ጨርቁን ያስራል። የእኔ ቀይ ተፈትቶ የይርጋ ሰማያዊ ታሰረ። ይርጋ ሲጋራ እንኳ አሽትቶ አያውቅ፣ አረም መስሎት ይነቅላታል። ስለዚህ፣ ለእግሬ መድኃኒት ናት፣ አደራ ተንከባከባት አልኩት። እሺ ወንድሜ አለ።

ነሐሴ 21
ወገቤ ደርሳለች። ይርጋ አንድ ሣር አያስጠጋባትም፣ የዋህ።
ውሃ ልቀዳ መንደር ስወርድ ፖሊሶቹ ጋ ጎራ አልኩ። ወኪሉ ባንጎ ዘርቷል አልኩ። በቃ። እያፏጨሁ አህያዬን ነዳሁ።

ነሐሴ 23፣ ከቀኑ 9 ሰ.
መጡ። ጀ. አመድ መሰለ። ወላሂ ራሷ የበቀለች ናት ይላል። አይ ደስታዬ! ምነው አስማረ ባየልኝ!
ከዚያ መኮንኑ በርከክ አለ። ዙሪያዋ ንጹሕ ነው። ሥሯ ላይ አፈር ተከምሯል። ራሷ በቅላ ራሷን ኮተኮተች ወይ ብሎ ጠየቀ። የኮተኮተ እጅ የዘራ እጅ ነው አለ። ሄዶ ከበትሩ ላይ ሰማያዊውን ጨርቅ ፈታ። የማን ነው?
ይርጋ እጁን አወጣ።
ጀ. ያስተረጉምለታል። ለምን አልነቀልካትም? መድኃኒት መስሎኝ። ማን ነው እንዲያ ያለህ? ዝም። በጥፊ አጮሉት። አንዴ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት።
እኔም ዝም።
ካቴና ሲያስገቡለት ብርድ ልብሴን አንተ ውሰድ አለኝ። ለእናቴ ብቻ እንዳትነግር አለ።

ነሐሴ 24፣ ጠዋት 12 ሰ.
ጀ. ትራክተሩን አስነስቷል። ገዳሪፍ ሄዶ ለይርጋ ሊምልለት ነው። አንተም ና፣ ከሁላችን ይልቅ ታውቀዋለህ፣ መስክርለት ይላል። ዓይኑ አብጧል። አልተኛም፣ ሲያለቅስ ነው ያደረው።
አሃ! ለይርጋ ሲሆን ጭቃው አይውጥም! ለአስማረ ብቻ ነበር የሚውጠው!
ብሄድ የምለው አንድ ቃል ነው። የኮተኮትኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ሃያ ዓመቱ የእኔ።
ይርጋስ ለምን አልተናገረም? አፍ የለውም? እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት?
ጀ. ደጋግሞ ይጣራል። ወጥቼ፣ እግሬ አላስረግጥ አለኝ አልኩት። እግዜር ይማርህ ብሎኝ ሄደ።

ከጠዋቱ 2 ሰ.
እግሬ ከዳነ ሰንብቷል። ወሰንኩ። እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከዚያ በመኪና ወደ ፋው ከተማ። እዚያ ሥራ አይጠፋም።
የይርጋን ብርድ ልብስ ጠቅልያለሁ። የእኔን እዚሁ ጥዬዋለሁ፣ ሳስቷል።