ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያገሳው አፍቃሪ

አንተ ዝምተኛ፣

ፖስት ካርዷ ጠባብ ስለሆነች ስለ ጉዞው አትጠይቀኝ። ያረፍኩት አንድ የዴዝ ሜታል ዘፋኝ ቤት ነው፤ ያ እንደ አንበሳ የሚያገሱበት ሙዚቃ። ጎረቤት እንዳይቆጣ ድምፁን የሚቀዳው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሚስቱ ካፖርቶች መሀል ቆሞ ነው። አልበሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ታሪክ ነው። መቃብር ቆፋሪው አንዲት ሴት ይወዳል፤ ሳይነግራት ትሞትበታለች፤ ከዚያ ጉድጓዷን እየቆፈረ ፍቅሩን ያገሳላታል። ምቱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር በእግሬ ልከተል ብዬ እግሬ ተሳሰረ።

ትናንት ሚስቱ የቁም ሣጥኑን በር ከፍታ፣ "ኧረ በቃ፣ ሞታለች እኮ! ውጣና ምሳህን ብላ" አለችው። የሹራብ እጅጌ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ወጣ።

"ታዲያ በቁሟ ለምን አልነገራትም?" አልኩት።

"ያኔማ አልበሙ ባንድ ዘፈን ያልቅ ነበር" አለኝ።

አንተ ትዝ አልከኝ። እሱስ ቁም ሣጥን ገብቶም ቢሆን ተነፈሰ። አንተ ግን ማንም ሳይጽፍልህ ፖስታ ቤት እየሄድክ ባዶ ሣጥንህን ትከፍታለህ፤ ከወዲያ በኩል ደብዳቤ የምታድለዋን ልጅ በቀዳዳው ሰርቀህ ለማየት!

እናታችንን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ። ታላቅህንም ሰላም በልልኝ።

ደግሞ ልብ በል፤ ካርድ እንደ ደብዳቤ አይታሸግም።

አንቺ ደብዳቤ የምታድዪው እህቴ፣ እስከዚህ ካነበብሽ ካርዷን ሣጥኑ ውስጥ አትክተቺያት። በእጁ ስጪውና ፊቱን እዪልኝ።