የወንበር ማከማቻ ስለሆነው የኤም አር አይ ክፍላችሁ

ለወይናምባ ሆስፒታል ሥራ አመራር ቦርድ የተከበሩ ሰብሳቢ፣
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ዓፊያ፣ ሳይከፈት ለሚውለው የቢሮዎ በርም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ኩብራ እባላለሁ፤ የአልዩ አምባው በርበሬ ነጋዴ የኢስሀቅ ልጅ ነኝ።

፩ኛ፦ ጥር ላይ አባቴን ሽንት ቢያስቸግረው የአንኮበርን ዳገት አውጥቼ ሆስፒታልዎ አደረስኩት። ዶክተር ወርቅአገኘሁ የደም ውጤቱን አይተው «የፕሮስቴት ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ከዕጢው ሳይወጣ ከደረስንበት ግን ተስፋው ብዙ ነው። የት ድረስ እንደሄደ በኤም አር አይ ይታይልኝ» አሉ። ክፍሉ ተቆልፏል። «ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ» ተባልን። ሥልጠናው እስከ ሰኔ አላለቀምና ለጥልቀቱ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

፪ኛ፦ አራት ጊዜ ተመላልሰናል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዎ በተሰለፈው ሕዝብ ፊት «ያ ሽንት እምቢ ያለው ሽማግሌ ደግሞ መጣ!» እያለ ስላስተዋወቀልን ምስጋናዬ ይድረሰው። አባቴ ሕመሙን ለእኔ ለልጁ ለመንገር እንኳ ሦስት ወር ያፈረ ሰው ነው።

፫ኛ፦ ሚያዝያ ላይ የክፍሉ በር ተከፍቶ አገኘሁና አንገቴን አስገባሁ። በሽተኛ የሚተኛበት አልጋ ላይ ለክፍሉ ምረቃ በዓል የመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ተቆልለዋል፤ ከሥሩ የአይጥ ኩስ። ክቡር ሆይ፣ ቀፈፈኝ፤ ዛሬም ይቀፈኛል።

ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ወስጄ ኤም አር አይ አስነሣሁት። ካንሰሩ ከዕጢው ወጥቶ የጀርባ አጥንቱ ላይ ደርሷል። ዶክተር ወርቅአገኘሁ ምስሉን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥር ላይ ብናየው ኖሮ...» አሉ። አባቴ «እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ዶክተር!» ብሎ እሳቸውን አጽናናቸው። አሁን በየሦስት ወሩ መርፌ ይወጋል፤ ጎንበስ ማለት ስለማይችል ሶላቱን ተቀምጦ ይሰግዳል።

የሚቀጥለው አባት ሳይመጣ ወንበሮቹን ያስወጡልን ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

በሌላ ሰው ሕመም ላይ ላሳዩት ወደር የለሽ ትዕግሥት እጅ በመንሣት፣

ኩብራ ኢስሀቅ
ከአልዩ አምባ

ሳልጽፈው የማላልፈው፦ አዲስ አበባ ለዚያው ምርመራ ተራ ስንጠብቅ፣ ጋዜጣ ፊትዎ ላይ ዘርግተው ከፊታችን የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። ገጹን ሲገልጡ አባቴ አወቀዎትና ሊነሣልዎ ቢሞክር ወገቡ እምቢ አለው። ሐኪሙ በር ላይ «ንጹሕ ነዎት» ሲልዎ «አልሐምዱሊላህ» ያለልዎ እሱ ነው። እኔ አላልኩም።